ሰርቨር የሚተክል ሞልቷል፤ የወደቀውን የሚያነሣ ማን ነው?

ሰርቨር መትከል ከባድ ሥራ አይደለም። ዊንዶውስ ሰርቨርም ይሁን ሊኑክስ፣ ትዕግሥት ያለው ሰው መመሪያውን እያነበበ ወይም የዩቲዩብ ቪዲዮ እያየ በግማሽ ቀን ጭኖ ሊያስነሣው ይችላል። የኔትወርክ አድራሻ ይሰጠዋል፤ ስም ያወጣለታል፤ ተጠቃሚዎችን ይመዘግባል፤ የጋራ ማኅደር ይከፍትበታል፤ መብራቱ አረንጓዴ ሆኖ ሲበራ ሥራው ያለቀ ይመስለዋል። ከባዱ ሥራ የሚጀምረው ግን ከዚያ በኋላ ነው፤ ምናልባት ከስምንት ወር በኋላ፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ያ ሰርቨር አልነሣም ሲል። በዚያች ሰዓት አስተዳዳሪው መጀመሪያ ምን እንደሚያደርግ፣ ቀጥሎ ምን እንደሚያደርግ፣ በምንም ምክንያት ደግሞ ምን እንደማይነካ ማወቁ ነው ባለሙያ የሚያሰኘው።

አብዛኛው የአይቲ ሥልጠናችን የሚያስተምረው መትከልን እንጂ ማንሣትን አይደለም። ይህን የምለው በአሜሪካ፣ በአውሮፓና በባሕረ ሰላጤው አገሮች ያሉ ወገኖቻችን ከቀን ሥራቸው ላይ ጊዜ እየቆረሱ የሚከታተሏቸውን አጫጭር ኮርሶች፣ እንዲሁም በአገር ቤት የሚሰጡትን ሥልጠናዎች በአእምሮዬ ይዤ ነው። ነገሩ የማስተማሪያ ዘዴ ክርክር ብቻ አይደለም። በአንድ በኩል ሰው ለዓመታት በታክሲ፣ በመኪና ማቆሚያና በሆቴል ሠርቶ ያጠራቀመው ገንዘብ አለበት፤ በሌላ በኩል ሰርቨሩን አምነው የሚሠሩ ሆስፒታሎች፣ ባንኮችና ትምህርት ቤቶች አሉበት።

ለሙያው ቅርበት ለሌላቸው አንባቢያን ጥቂት ማብራራት ይገባል። ሰርቨር ሌሎች ኮምፒውተሮችን የሚያገለግል ኮምፒውተር ነው። አንዲት ሠራተኛ ጠዋት ቢሮ ገብታ የይለፍ ቃሏን ስትጽፍ «አዎ፣ እርሷ ናት» ብሎ የሚመሰክርላት ሰርቨር አለ፤ በዊንዶውስ ዓለም ዶሜይን ኮንትሮለር ይባላል። የድረ ገጽን ስም ኮምፒውተሮች ወደሚግባቡበት የቁጥር አድራሻ የሚመልስ ሌላ አለ፤ ዲኤንኤስ ይሉታል። ፋይል የሚያስቀምጥ፣ ኢሜይል የሚያመላልስ፣ የደንበኞችን መዝገብ የሚይዝም አለ። አስተዳዳሪው እነዚህን ሁሉ በጤና ያቆያል። የደኅንነት ማሻሻያዎችን በወቅቱ ይጭናል፤ ማን ምን ማየት እንደሚችል ይወስናል፤ ዲስኩ ሞልቶ ሥራ ከመቆሙ በፊት ያያል፤ የመረጃውን መጠባበቂያ ቅጂ፣ ማለትም ባክአፕ ያስቀምጣል። ሥራው በአግባቡ ሲሠራ አይታይም። እንደ ውሃ ቧንቧ ነው፤ ስለ ቧንቧ የሚያወራ ሰው የሚገኘው ውሃው ሲቋረጥ ነው።

ውሃው ሲቋረጥ ምን እንደሚመስል የሚያሳይ ከእኛው አህጉር ጋር የተያያዘ ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. ጁን 27 ቀን 2017 ኖትፔትያ የተባለ አጥፊ ሶፍትዌር፣ በዩክሬን በስፋት በሚሠራበት አንድ የሒሳብ መዝገብ ፕሮግራም ማሻሻያ ውስጥ ተደብቆ ወጥቶ፣ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ በብዙ አገሮች ያሉ ድርጅቶችን ሥራ አስቆመ። ከተጎዱት አንዱ የዴንማርኩ የመርከብ ኩባንያ ሜርስክ ነበር። ሜርስክ በዚያን ጊዜ 150 ያህል ዶሜይን ኮንትሮለሮች ነበሩት። በየአገሩ ተበትነው፣ እርስ በርሳቸው መረጃ እየተቀባበሉ፣ አንዱ የሌላው ግልባጭ ሆኖ ይኖር ነበር። ሲያዩት ብልኅ ዘዴ ነው፤ አንዱ ቢሞት ሌሎቹ አሉ። ሁሉም በአንድ ቀን ይሞታሉ ብሎ የተዘጋጀ ግን አልነበረም። ሁሉም በአንድ ቀን ሞቱ።

ከአንዱ በስተቀር። ጥቃቱ ሲደርስ በጋና በሚገኘው ቢሮ መብራት ጠፍቶ ስለነበር፣ እዚያ ያለው ሰርቨር ከኔትወርኩ ተቆርጦ ከጥፋቱ ተረፈ። ዋየርድ መጽሔት በ2018 ባወጣው ሰፊ ዘገባ እንደተረከው፣ በእንግሊዝ አገር የመልሶ ማቋቋሙን ሥራ ይመሩ የነበሩት ባለሙያዎች ያቺን አንዲት ቅጂ ሲያገኙ ደስታቸው ወሰን አልነበረውም። ይሁንና ከጋና ያለው የኢንተርኔት መስመር ቀጭን ስለነበር መረጃውን በመስመር መላክ ቀናት ይፈጃል። በሰው እጅ እንላከው ሲባል ደግሞ ከጋና ቢሮ ሠራተኞች መካከል የብሪታንያ ቪዛ ያለው ታጣ። ስለዚህ አንዱ ሠራተኛ ሃርድ ዲስኩን ይዞ ወደ ናይጄሪያ በረረ፤ በአውሮፕላን ማረፊያው ለሌላ ባልደረባው አስረከበ፤ ያ ደግሞ ይዞት ለንደን ገባ። የዓለም ንግድ አንድ ትልቅ ክንድ፣ ቪዛ ባለው ሰው ሻንጣ ውስጥ ተቀምጦ ስድስት ሰዓት ተኩል በረረ ማለት ነው። የቪዛ ወረፋ ምን እንደሆነ የምናውቅ ሰዎች ይህን ታሪክ ፈገግ ሳንል ማንበብ ይከብደናል።

የኩባንያው የቦርድ ሊቀመንበር ከወራት በኋላ በዳቮስ ጉባኤ እንደተናገሩት፣ በ10 ቀናት ውስጥ 4,000 ሰርቨሮች፣ 45,000 ኮምፒውተሮችና 2,500 መተግበሪያዎች እንደ አዲስ ተጭነዋል። ኪሳራው ከ250 እስከ 300 ሚሊዮን ዶላር ተገምቷል። እኔን የሚያስገርመኝ የኪሳራው መጠን አይደለም። ያን ያህል ባለሙያና ገንዘብ ያለው ድርጅት «ግልባጭ» እና «መጠባበቂያ» የሚባሉት ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን የተረዳው በጋና መብራት መጥፋት መሆኑ ነው። እርስ በርሳቸው የሚገለባበጡ ሰርቨሮች መልካሙንም ክፉውንም እኩል ይቀባበላሉ፤ አንዱ ላይ በስሕተት የተሰረዘ ነገር በደቂቃዎች ውስጥ በሁሉም ላይ ይሰረዛል። መጠባበቂያ ማለት ግን ተለይቶ የተቀመጠ፣ ነገ ዛሬን የማይከተል ቅጂ ነው። ይህን ልዩነት በቃል የሚያስረዳ ሠልጣኝ ብዙ አለ። አንድ ዶሜይን ኮንትሮለርን ከዜሮ ተነሥቶ፣ ከተለየ ቅጂ መልሶ ያቆመ ሠልጣኝ ግን ጥቂት ነው።

ቅጂ መኖሩም ብቻውን አያድንም። በዚያው 2017 መባቻ፣ ጃንዋሪ 31፣ ፕሮግራመሮች ኮዳቸውን የሚያስቀምጡበት ጊትላብ የተባለ አገልግሎት አንድ አስቸጋሪ ሌሊት አሳለፈ። ረጅም ቀን የዋለ አንድ መሐንዲስ ሁለት የዳታ ቤዝ ሰርቨሮችን ለማስማማት ሲታገል ቆይቶ፣ በሁለተኛው ላይ ያለውን አሮጌ መረጃ አጠፋለሁ ብሎ ትእዛዙን የሰጠው በዋናው ላይ ነበር። ወዲያው ነቅቶ አቋረጠው፤ ይሁን እንጂ 300 ጊጋባይት ከሚሆነው መረጃ የቀረው 4.5 ጊጋባይት ብቻ ነበር። እንግዲህ መጠባበቂያ ይፈለግ ተባለ። ኩባንያው አምስት ዓይነት የመጠባበቂያና የግልባጭ ዘዴዎች ነበሩት፤ ከአምስቱ አንዱም እንደታሰበው ሳይሠራ ተገኘ። በየቀኑ ቅጂ ይወስዳል የተባለው ፕሮግራም ከዳታ ቤዙ ጋር በማይስማማ አሮጌ ዕትም ስለሚሠራ ምንም ሳያስቀምጥ ኖሯል። አልተሳካም እያለ የሚልካቸው የማስጠንቀቂያ ኢሜይሎች ደግሞ በደኅንነት ማጣሪያ ተጥለው ማንም ዘንድ አልደረሱም። ያዳናቸው ያ መሐንዲስ ራሱ ከስድስት ሰዓት በፊት ለሌላ የሙከራ ሥራ ብሎ በእጁ የወሰደው ቅጂ ነው። አገልግሎቱ ለ18 ሰዓታት ያህል ተቋርጦ፣ የስድስት ሰዓት መረጃ ለዘለዓለም ጠፍቶ ነገሩ አበቃ።

ጊትላብን የማነሣው ለመውቀስ አይደለም። እንዲያውም የዚያ ሌሊት ትልቁ ቁም ነገር ከስሕተቱ በኋላ የሆነው ነው። ኩባንያው የማገገሚያ ሥራውን በዩቲዩብ በቀጥታ እያሳየ ሠራ፤ በኋላም ምን እንደተበላሸ፣ ለምን እንደተበላሸ፣ ምን እንደሚለወጥ በዝርዝር ጽፎ ለዓለም አወጣ። ጽሑፉ መሐንዲሱን አልከሰሰም። የከሰሰው፣ መጠባበቂያው ይሠራ እንደሆነ ማንም ሞክሮ እንዲያይ ያላስገደደውን አሠራር ነው። በእኛ መሥሪያ ቤቶች ባህል ቢሆን ኖሮ ጥያቄው «ማን አደረገው?» ይሆን ነበር፤ ለዚህ ጥያቄ መልስ ከተገኘ በኋላ ደግሞ ሌላ ጥያቄ የሚጠይቅ አይኖርም። ስሕተቱን የደበቀ አስተዳዳሪ ሥራውን ሲያተርፍ ስሕተቱን የተናገረ የሚባረር ከሆነ፣ የሚቀጥለው ሌሊት ከዚህኛው የከፋ እንደሚሆን ለማወቅ ነቢይ መሆን አያሻም።

ወደ ሥልጠናው እንመለስ። በዋሽንግተን ዲሲና በአካባቢዋ የሚኖር ኢትዮጵያዊ የአይቲ የብቃት ማረጋገጫ የሚፈልግበት ምክንያት ግልጽ ነው። ለምሳሌ ሴኪዩሪቲ ፕላስ የተባለው ማረጋገጫ ከአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር ጋር በተያያዙ በርካታ የኮምፒውተር ሥራዎች እንደ መሥፈርት የሚታወቅ ነው፤ የዚያ አካባቢ የሥራ ገበያ ደግሞ በመንግሥት ተቋራጮች የተሞላ ነው። ወረቀቱ በር ይከፍታል። ይህን አልነቅፍም፤ እናትና አባት የሆኑ ሰዎች ሌሊት እያጠኑ ያገኙትን ማዕረግ ማቃለል ነውር ነው። የምነቅፈው በወረቀቱ ስም የሚሸጠውን ነገር ነው። ፈተናው በ90 ደቂቃ ውስጥ እስከ 90 ጥያቄዎች የሚመለሱበት ነው፤ ጥቂቶቹ የተግባር ማስመሰያ ቢሆኑም አብዛኛው ምርጫ ነው። ምርጫ ባለበት ሁሉ ደግሞ የጥያቄና መልስ ክምችት ይዞ የሚመጣ ነጋዴ አይጠፋም። ዳምፕ ይሉታል፤ ከፈተናው የተሰረቁ ጥያቄዎችን ከነመልሳቸው በቃል ማስያዝ ነው። ፈታኞቹ ድርጅቶች አጥብቀው ይከለክሉታል፤ ሲደርሱበትም ማረጋገጫውን ይነጥቃሉ። ይሁንና «በስድስት ሳምንት ውስጥ ስድስት አኃዝ ደመወዝ» ከሚል ማስታወቂያ ጀርባ ብዙ ጊዜ ያለው ይኸው ነው።

ነገሩ አዲስ አይደለም። በ1990ዎቹ ማብቂያ የማይክሮሶፍት ኤምሲኤስኢ ማረጋገጫ የሥራ ገበያውን ባጥለቀለቀ ጊዜ አሜሪካውያን ቀጣሪዎች ራሳቸው «የወረቀት ኤምሲኤስኢ» የሚል ስም አውጥተው ነበር፤ ወረቀቱ አለው፣ ሰርቨሩን ግን ነክቶት አያውቅም ለማለት። ዛሬ ያ ስድብ ወደ እኛ ማኅበረሰብ እንዳይዞር እፈራለሁ። አንድ ቀጣሪ ከአንድ አካባቢ የመጡ ሦስት ሰዎችን ቀጥሮ ሦስቱም የጠፋ ማኅደር መመለስ ካቃታቸው፣ አራተኛው በእውነት የሚያውቅ ሰው ሲመጣ በሩ ላይ ምን እንደሚጠብቀው መገመት ይቻላል።

ሌላ ዓይነት ፈተና መኖሩን ደግሞ ማወቅ ያስፈልጋል። የሬድ ሃት ኩባንያ የሊኑክስ አስተዳዳሪዎችን የሚፈትንበት አርኤችሲኤስኤ የሚባለው ፈተና አንድም የምርጫ ጥያቄ የለውም። ተፈታኙ የሚሠራ ኮምፒውተር ፊት ለፊት ይቀመጥና ሥራ ይሰጠዋል፤ ይሥራው እንጂ እንዴት እንደሠራው አይጠየቅም። የዚህን ፈተና አንድ ደንብ በጣም እወደዋለሁ። የተሠራው ሁሉ ማሽኑ ጠፍቶ ሲነሣም ማንም ሳይነካው ሥራውን መቀጠል አለበት፤ ካልቀጠለ ዋጋ የለውም። አሁን የሚሠራ ነገርና መብራት ጠፍቶ ሲመጣ የሚሠራ ነገር አንድ አለመሆናቸውን ይህ ደንብ በሰዓታት ውስጥ ያስተምራል። መብራት በየሳምንቱ ለሚቋረጥበት አገር ሰርቨር ለሚያዘጋጅ ሰው ከዚህ የሚበልጥ ትምህርት አላውቅም።

እኔ ብጠየቅ የአሥር ሳምንት ኮርስ ውስጥ አራቱን ሳምንት ለማበላሸት እመድብ ነበር። መምህሩ ያበላሻል፤ ተማሪው ያነሣል። አንድ ቀን ጠዋት ተማሪዎቹ ሲገቡ ማንም ሰው ወደ ኔትወርኩ መግባት አይችልም፤ የይለፍ ቃሎቹ ትክክል ናቸው፣ ሰርቨሩም በርቷል። ምክንያቱ የሰርቨሩ ሰዓት ሰባት ደቂቃ ወደ ኋላ መቅረቱ ነው፤ የዊንዶውስ ኔትወርክ ማንነትን የሚያረጋግጥበት ከርቤሮስ የተባለው ሥርዓት በተለመደው አቀማመጡ ከአምስት ደቂቃ በላይ የሰዓት ልዩነት አይታገሥም። ይህን በመጽሐፍ ያነበበ ይረሳዋል። ሁለት ሰዓት ሙሉ የይለፍ ቃል ሲቀይር ውሎ በመጨረሻ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት ቀና ብሎ ያየ ተማሪ ግን እስኪሞት አይረሳውም። ሌላ ቀን የክስተት መዝገቦች ዲስኩን ሞልተውት ዳታ ቤዙ መጻፍ ያቆማል። ሌላ ቀን የድረ ገጹ የደኅንነት ሰርተፍኬት ጊዜው ያልፍበታል። ሌላ ቀን ደግሞ አንድ ሰው ዲኤንኤሱን ነካክቶት ግማሹ ቢሮ ይሠራል፣ ግማሹ አይሠራም፤ ይህ ሙሉ በሙሉ ከመቆም የበለጠ ያስጨንቃል።

ከዚያ የመጨረሻው ሳምንት ይመጣል። ሰርቨሩ ከክፍሉ ይወጣል። ተማሪው የቀረው ባዶ ማሽንና የራሱ መጠባበቂያ ቅጂ ብቻ ነው፤ መምህሩ ሰዓት ይይዛል። በዚያ ቀን ሁለት ቁጥሮች ይመዘገባሉ፦ አገልግሎቱ እስኪመለስ ስንት ሰዓት ፈጀ? የጠፋው መረጃስ የስንት ሰዓት ሥራ ነው? ማንኛውም የድርጅት ኃላፊ፣ ቴክኒክ ባያውቅም፣ እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ከአስተዳዳሪው ሊጠይቅ ይገባዋል፤ መልሱ በግምት ከሆነ አልተሞከረም ማለት ነው።

ስለ ቅጂ አቀማመጥ ሦስት፣ ሁለት፣ አንድ የሚባል የታወቀ ደንብ አለ። መረጃው በሦስት ቅጂ ይኑር፤ ቅጂዎቹ በሁለት የተለያዩ ማስቀመጫዎች ላይ ይሁኑ፤ አንዱ ከሌላ ሕንፃ ይቀመጥ። ደንቡን ታዋቂ ያደረገው የኮምፒውተር መሐንዲስ ሳይሆን ፒተር ክሮግ የተባለ አሜሪካዊ ፎቶግራፍ አንሺ መሆኑ ደስ ይለኛል፤ ያነሣው ፎቶ ሁለተኛ ዕድል እንደሌለው የሚያውቅ ሰው ያወጣው ሕግ ነው። ቀላል ስለሆነ ግን ይናቃል። በሴፕቴምበር 2025 በደቡብ ኮሪያዋ ዴጆን ከተማ የመንግሥት ዳታ ማዕከል ሲቃጠል፣ የመንግሥት ሠራተኞች ሰነድ የሚያስቀምጡበት 858 ቴራባይት መረጃ ጠፍቷል። ሌላ ቅጂ አልነበረውም፤ የተሰጠው ምክንያት መረጃው እጅግ ብዙ ስለሆነ ቅጂ ለመያዝ አልተቻለም የሚል ነው። በቴክኖሎጂ ከዓለም ግንባር ቀደም በሆነች አገር! ሳይቃጠል በቅጠል የሚለውን ብሂላችንን ለኮሪያውያን መላክ ሳይኖርብን አይቀርም።

ሥልጠናዎች ጨርሶ የሚዘሉት ሌላው ነገር መጻፍ ነው። የትኛው ሰርቨር ምን ይሠራል፣ በማን ላይ ይደገፋል፣ ሲወድቅ ከየት ይጀመራል የሚለው ተጽፎ መቀመጥ አለበት፤ ደግሞም ያ ጽሑፍ ከሚወድቀው ሰርቨር ውጭ፣ ቢቻል በወረቀት ላይ መኖር አለበት። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 4 ቀን 2021 ፌስቡክ፣ ኢንስታግራምና ዋትሳፕ ለስድስት ሰዓታት ያህል የጠፉበትን ዕለት አብዛኞቻችን እናስታውሳለን፤ ከሪያድ ወደ ደሴ፣ ከስቶክሆልም ወደ አዳማ የሚደውል ሁሉ ስልኩ የተበላሸ መስሎት ነበር። ኩባንያው በኋላ እንዳስረዳው፣ በተለመደ የጥገና ሥራ ላይ የተሰጠ አንድ ትእዛዝ የዳታ ማዕከሎቹን የሚያገናኘውን መረብ አቋረጠ፤ መሐንዲሶቹ ብልሽቱን የሚመረምሩባቸው የውስጥ መሣሪያዎችም በዚያው መረብ ላይ የተደገፉ ስለነበሩ አብረው ወደቁ። ባለሙያዎች ወደ ማዕከሎቹ በአካል መላክ ግድ ሆነ። ቁልፉን ቤት ውስጥ ትቶ በሩን እንደ ዘጋ ሰው ሆኑ።

አሁን የሚቀርብልኝን መቃወሚያ አውቃለሁ። ሰርቨሩ ሁሉ ወደ ክላውድ እየሄደ ነው፤ ማንሣቱ የጎግል፣ የአማዞንና የማይክሮሶፍት ሥራ ሆኗል፤ ታዲያ ይህ ሁሉ ለምን? ለዚህ መልሱ በሜይ 2024 አውስትራሊያ ውስጥ ተሰጥቷል። ከግማሽ ሚሊዮን በላይ አባላት ያሉት ዩኒሱፐር የተባለ የጡረታ ፈንድ በጎግል ክላውድ ላይ ያኖረው ሥርዓት፣ በጎግል በኩል በተሠራ የአቀማመጥ ስሕተት ምክንያት ተሰረዘ፤ አንዱ ቢጠፋ ሌላው ይተርፋል ተብሎ በሁለት ስፍራ የተቀመጠው ሁሉ አብሮ ጠፋ። ፈንዱን ያተረፉት የራሱ ሰዎች ከሌላ አቅራቢ ዘንድ ያስቀመጡት መጠባበቂያ መኖሩና እርሱን መልሰው ማቆም መቻላቸው ነው። ክላውድ የሰው ሰርቨር ነው፤ ኪራይ ስለከፈልን ኃላፊነቱ ከእኛ አልወረደም።

በአገር ቤት ያለውን ስናይ ጉዳዩ ይበልጥ ይከብዳል። በመጋቢት 2016 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ ከዓርብ ሌሊት እስከ ቅዳሜ ጠዋት፣ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ደንበኞች በሒሳባቸው ከሌለው ገንዘብ በላይ ያወጡበትን ሌሊት የማያስታውስ የለም። የሳይበር ጥቃት አልነበረም፤ በሥርዓቱ ላይ ከተደረገ ሥራ ጋር የተያያዘ ብልሽት መሆኑ ተገልጿል። ባንኩ የወጣውን ገንዘብ 801 ሚሊዮን ብር አካባቢ አድርጎ ሲያስታውቅ፣ አብዛኛውንም ማስመለሱን በኋላ ተናግሯል። ከውጭ ሆኖ የባንኩን ባለሙያዎች መገምገም አይቻልም፤ እኔም አልሞክረውም። ሆኖም ያ ሌሊት ለማንኛውም የሥልጠና ክፍል የሚያቀርበው ጥያቄ አለ፦ በሚሠራ ሥርዓት ላይ ለውጥ ከመደረጉ በፊት፣ ነገሩ ቢበላሽ ወደ ነበረበት የሚመለስበት መንገድ ተጽፏል ወይ? ተሞክሯል ወይ? ማን ነው «ይቁም» የማለት ሥልጣን ያለው?

በዚያው ዓመት ሐምሌ ወር የአምስት ሚሊዮን ኢትዮጵያውያን ኮደሮች መርሐ ግብር ይፋ ሆነ። ወጣቶች ስለ ድረ ገጽ ፕሮግራሚንግ፣ ስለ አንድሮይድ መተግበሪያ፣ ስለ መረጃ ትንተናና ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት መነሻ ዕውቀት እንዲያገኙ ታስቦ የተቀረጸ ነው። ሐሳቡ መልካም ነው። ግን እያንዳንዱ የተጻፈ መተግበሪያ አንድ ቦታ፣ አንድ ሰርቨር ላይ ይኖራል፤ ያን ሰርቨር ሌሊት የሚጠብቅ ሰው በዝርዝሩ ውስጥ የለም። ቤት ሠሪ በሚሊዮን እየሠለጠነ ስለ ቧንቧ ሠራተኛው ያሰበ የጠፋ ይመስላል። ለአምስት ሚሊዮን ኮደሮች አምስት ሚሊዮን አስተዳዳሪዎች አያስፈልጉም፤ ጥቂት ሺህ በእውነት የሚያውቁ ግን ያስፈልጋሉ።

እዚህ ላይ በውጭ ያለን ሰዎች ከገንዘብ የሚበልጥ ነገር ማበርከት እንችላለን ብዬ አምናለሁ። የመለማመጃ ሰርቨር ዛሬ ውድ አይደለም። 16 ጊጋባይት ሜሞሪ ባለው አሮጌ የቢሮ ኮምፒውተር ላይ በነፃ የሚገኘውን ቨርቹዋል ቦክስ ወይም ፕሮክስሞክስ ጭኖ ሦስትና አራት ሰርቨሮችን በአንድ ላይ ማስነሣት ይቻላል። ሊኑክስ ነፃ ነው፤ ማይክሮሶፍት ደግሞ ዊንዶውስ ሰርቨርን ለ180 ቀናት ለሙከራ ያለ ክፍያ ይሰጣል። ኮምፒውተሩን ለማኖር ቦታ የሌለው፣ ለምሳሌ በባሕረ ሰላጤው አገሮች በአሠሪ ቤት የሚኖር ሰው፣ በወር ከአምስት እስከ ስድስት ዶላር ትንሽ የሊኑክስ ሰርቨር ተከራይቶ በስልኩም ቢሆን መለማመድ ይችላል። ያልተገኘው አበላሹ ነው። በቨርጂንያ የሚኖር የአሥር ዓመት ልምድ ያለው አስተዳዳሪ ቅዳሜ ጠዋት ለሁለት ሰዓት ተቀምጦ፣ በሐዋሳና በዱባይ ላሉ አራት ተማሪዎች የተዘጋጀ ሰርቨር አበላሽቶ ቢሰጣቸው፣ በሚቀጥለው ቅዳሜ ደግሞ ምን እንዳደረጉ የጻፉትን ቢያነብላቸው፣ ከብዙ የማነቃቂያ ንግግር የበለጠ ሥራ ይሠራል። ብዙዎቻችን በሙያችን የገጠመንን ብልሽት እንደ ምስጢር ይዘን እንዞራለን፤ ለተማሪ ግን ከዚያ የሚበልጥ መጽሐፍ የለም።

ገንዘቡን ቆጥሮ ሊመዘገብ ለተዘጋጀ ወገን ደግሞ፣ ከመክፈሉ በፊት ለትምህርት ቤቱ የሚያቀርባቸው ሦስት ጥያቄዎች አሉኝ። በዚህ ኮርስ ውስጥ ሰርቨር በገዛ እጄ ስንት ጊዜ እተክላለሁ፣ ስንት ጊዜስ የተበላሸ አነሣለሁ? ስጨርስ ከወረቀቱ ሌላ ለቀጣሪ የማሳየው ምን የጻፍኩት፣ ምን የሠራሁት ነገር ይኖረኛል? መምህሩስ በሚሠራ ድርጅት ውስጥ የወደቀ ሰርቨር መልሶ ያቆመው መቼ ነው፣ እንዴትስ እንደሆነ ለአሥር ደቂቃ ይነግረኛል? ሦስተኛውን ጥያቄ ሰምቶ ወደ ክፍያው አፈጻጸም ንግግር የሚያዞር ሰው ከገጠማችሁ፣ በዚያው ገንዘብ አሮጌ ኮምፒውተርና ተጨማሪ ሜሞሪ ግዙበት።